አፓኩኪ ሳይመልሰው የቀረው ስድብ

አፓኩኪን ደፍሮ የሚቆጣ ሰው በናሳንጋ መንደር አልነበረም። ይህን ስል አስፈሪ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሳቂታ፣ ወሬ ወዳድ፣ ሆዱ ከሽርጡ በላይ ኩፍ እንዳለ ሊጥ የወጣ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ጣጣው ማዕረጉ ነበር። የጎሳው ታላቅ እሱ ነው። እሁድ እሁድ ላሊ የምንለውን ትልቁን የእንጨት ከበሮ በሁለት ዱላ እየመታ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን የሚጠራውም እሱ ነው። በእኛ ደሴት ደግሞ ታላቅ ሰው በተቀመጠበት ቆሞ መናገር ነውር ነው። ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ "እርስዎ" እያልክ ነው የምታናግረው። እስቲ በሞቴ፣ መሬት ተቀምጦ ሽቅብ እያየ ሰው የሚቆጣ ማን አለ?

ይኸው ክብር ነው ሊገድለው የነበረው።

ስኳር ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ትልቁ ደሴት ላይ ያለው ሆስፒታል ሄዶ ሲመረመር ሐኪሙ የልቡ የደም ሥሮች መጥበባቸውን ነገረው። "ስኳሩና ልብዎ ለየብቻ አይምሰሉዎት" አለው ሐኪሙ። "የደም ሥርዎን እያበላሸ ያለው ስኳሩ ነው። አንዱን ይዘው ሌላውን ቢለቁ ዋጋ የለውም፤ ሁለቱንም ነው የሚይዙት።" አራት ዓይነት ክኒን ሰጠው፤ አንዱ ለስኳሩ፣ አንዱ ለግፊቱ፣ አንዱ ለደሙ ስብ፣ አራተኛው ደም እንዳይረጋ የምትውል ትንሽዬ አስፕሪን። ጨው ቀንስ፣ ስኳር ተው፣ ጮማና የኮኮናት ወተት ለበዓል ብቻ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ ተባለ።

"እሺ" አለ አፓኩኪ። እሺ ማለት ሲወድ! ከአፉ ወጥቶ የማያልቅ ነገር ቢኖር እሺ ነው።

ክኒኖቹን ይዞ መጥቶ በብስኩት ቆርቆሮ ከጣሪያው ሥር አጋደመ። ለምርመራ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው እያወረደ፣ ፈተና እንደደረሰበት ሰነፍ ተማሪ፣ ጠዋት ማታ ይውጣል። ከዚያ ወደ ጎደሬው፣ ወደ ቆርቆሮ ሥጋው፣ አምስት ማንኪያ ስኳር ወደሚገባበት ሻዩ ይመለሳል። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ኡላሚላ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሰለለ። እሱ እንደሆነ ለሚስት ጩኸት ብቻ የሚደነቁር ጆሮ ነበረው።

ኡላሚላ ያለ ነገር አልነበረም የምትጮኸው። የአፓኩኪ ታላቅ ወንድም ዋይሳሌም ስኳር ነበረበት። አንድ ቀን ከጎደሬ ማሳው "ትንሽ ደክሞኛል" ብሎ ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ። ምሳ ይዘውለት ሲሄዱ ቆንጨራው ጭኑ ላይ እንዳለ፣ እሱ የለም። አሞኛል አላለ፣ ደረቴን አላለ። መንደሩም "ደክሞት ነው የሞተው" ብሎ ቀበረው። ድካም ሰው ይገድላል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኮረብታው ላይ ወዳለችው ትንሽዬ ጤና ጣቢያ ሁለት ነርሶች መጥተው ሄደዋል። የመጀመሪያዋ ዓይን አፋር ነበረች፤ አፓኩኪን ስታይ መሬት ላይ ተቀምጣ "እንዴት ነዎት?" ትላለች፣ እሱም "ደኅና ነኝ ልጄ" ይላታል፣ እሷም ደኅና ብላ ትጽፋለች። ሁለተኛዋ ትንሽ ደፈር ብላ ስለ ቆርቆሮ ሥጋው አነሳችበት። በማግሥቱ አክስቶቿን ሳይቀር አስከትላ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ያንጎና የምንለውን፣ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣውን ሥር ይዛ መጣች። ተጠጣና ታረቁ፤ የቆርቆሮ ሥጋው ጉዳይ እዚያው ቀረ።

ሦስተኛዋ ሳላኒዬታ ናት።

የመጣች ዕለት መንደሩ እንደ ወጉ በያንጎና ተቀበላት። ሰሌኑ ተነጥፎ፣ ሰዉ በየማዕረጉ ተቀምጦ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላት አጭር፣ ወፍራም፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ከበሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ነበር። የመንደሩ ሹም ስሟንና አገሯን ማስተዋወቅ ጀመረ። "ልጃችን የቩኒንዲሎ ተወላጅ ናት" አለ።

አፓኩኪ የጨበጠውን ዋንጫ አስቀመጠ። ዓይኑ በራ።

"ከየት አልክ?"

"ከቩኒንዲሎ።"

"ኡላሚላ!" ሲል አፓኩኪ ጮኸ፣ "ሌቦቹ መጥተውልሻል! ሮጠሽ ድስቱን ደብቂ!"

ልጅቱ ቀና አለች። "ምን ያስደብቃችኋል? የናሳንጋን ድስት ማን ይሰርቃል! ታጥቦ የሚያውቅ መስሏችሁ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያችሁ፣ ጥንት፣ ወንጌል ሳይመጣ፣ ሁለቱ መንደሮች ያመልኩት የነበረው መንፈስ አንድ ነው ይባላል። መንፈሱ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ለእኛ የተወልን ነገር ቢኖር መሰዳደብ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ታኡቩ ይባላሉ፤ ታኡቩህ ታላቅ ሁን ታናሽ፣ ሹም ሁን ድሃ፣ ፊት ለፊትህ ቆሞ ይሰድብሃል፣ ቤትህ ገብቶ የወደደውን ይዞ ይወጣል። አንተም እንዲሁ ታደርገዋለህ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። የተቆጣ ተሸነፈ። መልስ ያጣም ተሸነፈ።

አፓኩኪ የዚያን ዕለት ደስታው ወሰን አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ሲባል ኖሮ የሚሰድበው ሰው አጥቶ ነበር። ምን እንደመጣበት መች አወቀና።

በሦስተኛው ቀን ሳላኒዬታ ካርዱን አንብባ ስታበቃ ከኮረብታው ወረደች። አላንኳኳችም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ቆማ፣ አዎ ቆማ፣ አፓኩኪን ቁልቁል አየችው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ስኳርህ የት ነው?"

"ደሜ ውስጥ ነዋ! ካርዱ ላይ አልተጻፈም?"

"ተጽፏል። ከደምህ የተረፈው የት ነው?"

መልሱን አልጠበቀችም። የስኳሩን ቆርቆሮ አነሣች። የጨው ከረጢቱን አነሣች። ሰባት የቆርቆሮ ሥጋ ከመደርደሪያው አውርዳ በቀሚሷ አቀፈች። ኡላሚላ ማጀት ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታልመው የኖረችውን ሌላ ሰው ሲያደርገው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ቀስ ብላ በጣቷ ወደ ጣሪያው ጠቆመች። ሳላኒዬታ በርጩማ ላይ ወጥታ የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረደች፣ ከፈተችው፣ ቆጠረች።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ክኒን! ለጫጩት ልታበላቸው ነው ወይ የምታከማቸው?"

"እውጣለሁ እኮ! እሁድን ብቻ ነው የምተወው።"

"እሁድ ለምን?"

አፓኩኪ ኮስተር አለ፤ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "እሁድ ሥራ አይሠራም። ክኒን መዋጥ ሥራ ነው። ውሃ ትቀጃለሽ፣ ታነሻለሽ፣ ትቆጥሪያለሽ። ሰንበትን መሻር ነው።"

"ልብህስ እሁድ እሁድ ታርፋለች?"

አፓኩኪ ከት ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ከበርጩማው ወርዳ ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። "ወንድምህ እንዴት ነው የሞተው?"

"ደክሞት።"

"ልቡ ነው።"

"ኧረ ወዲያ! ልብ ያመመው ሰው ደረቱን ይዞ ይጮሃል። ዋይሳሌ ትንፍሽ አላለም።"

"ስኳር ያለበት ሰው ላያመው ይችላል። ስኳሩ ሕመሙን የሚናገረውን ነርቭ ያደነዝዘዋል። እግርህን ሚስማር ወግቶህ ማታ እግርህን ስትታጠብ ደም አይተህ ነው አሉ ያወቅከው። ልብም እንዲሁ ነው። ሌላ ሰው ይጮሃል፤ አንተ ግን ይደክምሃል፣ ያልብሃል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ቁጭ ትላለህ። እንደ ቩኒንዲሎ ሰው ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።"

ስለ ወንድሙ እንዲህ የነገረው ሰው አልነበረም። አፓኩኪ ለጊዜው ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። ግን እሱ እሱ ነው፤ ወዲያው "ሥጋዬን መልሺና ውጪ!" አለ። አልመለሰችም። ጭራሽ ስትወጣ በሩ አጠገብ የተሰቀሉትን ሁለቱን የላሊ ዱላዎች አንጠልጥላ ሄደች።

እሁድ ጠዋት ጉድ ፈላ። አፓኩኪ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ላሊው ዘንድ ቆሟል፤ ዱላ የለም። ሳላኒዬታ ከኮረብታው ቀስ እያለች ወረደች፤ በግራ እጇ ዱላዎቹን፣ በቀኝ እጇ አራት ክኒን ይዛ።

"ዋጥና ምታ።"

"በሰንበት አልውጥም!"

"እንግዲያው በሰንበት አትመታም። ላሊ መምታትም ሥራ ነው፤ ያልብሃል።"

ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ቆመ። ላሊው ሳይመታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ የለም። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዘማሪዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ወዛቸው ይንጠባጠባል። አፓኩኪ ሰማይ ሰማዩን ያያል። በመጨረሻ ቄሱ ራሳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው አድርገው፣ በእጃቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡና "አፓኩኪ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ዋጥ፤ ስብከቴ ረጅም ነው" አሉት።

ዋጠ። ከዚያ ወዲያ መንደሩ በሙሉ እሁድን በአፓኩኪ ጉሮሮ ነበር የሚጀምረው። ክኒኑ ሲወርድ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ዱላው ይሰጠዋል፣ ላሊው ይመታል። የሰኞ እስከ ቅዳሜውንም ኡላሚላ ያዘችው፤ አሁን ወገን አግኝታለች፣ ባይውጥ "ታኡቩህን እጠራታለሁ" ትለዋለች።

እሱም በፊናው ዝም አላለም። ሳላኒዬታ በሽተኛ ስታይ ገብቶ ፔርሙዝዋን ወሰደ። በሌላው ሳምንት የምትቀመጥበትን ወንበር ራሱ ላይ ደፍቶ ከኮረብታው ወረደ። እሷ ተመልሳ መጥታ በጨርቅ የተጠቀለለውን የአሳማ ሥጋ ከጀልባ ነጂው ከነማኒ ቤት አወጣችበት፤ አፓኩኪ እዚያ እያስቀመጠ በድብቅ ይበላ ነበር። ነማኒ የአፓኩኪ የወንድም ልጅ ነው፤ "አጎቴ አስቀምጥ ካለኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?" አለ ምስኪን። የሚገርመው በዚህ መሐል አፓኩኪ ሳያውቀው ሰውነቱ ቀለል አለ። ሽርጡን ሁለት ጣት አጠበቀ። ስኳሩ ወረደ። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ጥፋት በአራት ወር አይጠፋም፤ ይህን ሳላኒዬታ ታውቅ ነበር፣ እሱ ግን ድኛለሁ ብሎ ደመደመ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ አፓኩኪ የጤና ጣቢያውን የግድግዳ ሰዓት ሊሰርቅ ተነሣ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ነበር። ሰዓቱን ይወስድና "የቩኒንዲሎ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል፣ ሌባ የሚወጣው ባለቤቱ ሲተኛ ነው" ይላታል። በሐሳቡ ብቻ እየሳቀ የኮረብታውን ደረጃ ጀመረ። ደረጃው አርባ ሁለት ነው። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የአፓኩኪ አፍም ሳይፈራ ወጣ፣ ሳንባው ግን አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

ቆሞ ባሕሩን የሚያይ መሰለ። ላብ አጠመቀው፤ እንግዳው ነገር ላቡ ቀዝቃዛ ነው። "ቁርሴን ያለ ስኳር ያበላችኝ እሷ ናት" ሲል አጉረመረመ። ሃያኛው ላይ እንደገና ቆመ። ሆዱን አቅለሸለሸው። የሚያመው ነገር የለም፤ ደረቱን በእጁ ነካ ነካ አደረገና ምንም የለም አለ። ድካም ነው። ዕድሜ ነው። ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳኛው ላይ ሰዓቱን የመስረቅ ፍላጎቱ ሁሉ ጠፋ፤ የፈለገው መቀመጥ ብቻ ነበር።

ሳላኒዬታ ጠረጴዛዋ ላይ ካርድ ስትደረድር አየችው። ሳቋ ቀደማት።

"እ? መጣህ? ለምርመራ የቀጠርኩህ ትናንት ነበር! የናሳንጋ ሰው ሞት እንኳ ሲጠራው 'ከምሳ በኋላ' ነው የሚለው!"

ግሩም ስድብ ነበር። አፓኩኪም መልሱ ወዲያው መጣለት፤ በሕይወቱ ካገኛቸው መልሶች ሁሉ የሚበልጥ መልስ ነበር። ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ማን ያውጣው? ቃሎቹ የሚሸከሙት ድንጋይ ሆኑበት። ይቅር፣ አለ በልቡ፣ ነገ እነግራታለሁ። በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን ተደገፈ።

"ትንሽ ደክሞኛል" አላት።

የሳላኒዬታ ሳቅ ተቋረጠ። አፓኩኪ ስድብ ሳይመልስ! ካርዶቹን በትና ዘልላ መጣች። ግንባሩን ነካች፣ የእጁን ትርታ ያዘች። ጣቱን ወግታ ደሙን ለካች፤ ስኳር ወርዶም እንዲህ ሊያልብ ይችላል። ስኳሩ አልወረደም።

"ያምሃል?"

"የለም። ደክሞኝ ነው።"

"ይህን አኝከው። አትዋጠው፣ አኝከው!" አስፕሪን ነበር። መረረው። እሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ ወደቡ ላይ የነበርነው ሁሉ እስክንሰማው ድረስ "ነማኒ! ጀልባ!" ብላ ጮኸች። ወደ ሆስፒታሉ በስልክ የነገረችውን አፓኩኪ በሩቁ ሰማው። ስለ ራሱ መሆኑ ግን አልመሰለውም። አራት ሰዎች በሰሌን ተሸክመው አርባ ሁለቱን ደረጃ አወረዱት። ኡላሚላ ከታች እየሮጠች መጥታ እግሩን ያዘች፤ ጫማ እንኳ አላደረገችም።

ትልቁ ደሴት በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ነው። ነማኒ ሞተሩን እስከመጨረሻው ከፈተው። ኡላሚላ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጸልያለች። ሳላኒዬታ ትርታውን ይዛ ሰዓቷን ታያለች። አፓኩኪ ሰማዩን እያየ ዝምታው ከበደው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አላት።

"ይረፉ፣ አባባ። አይናገሩ።"

አባባ! ይረፉ! ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ብላው አታውቅም። አፓኩኪ የዚያን ጊዜ ነው የፈራው። በደረጃው አልፈራ፣ በሰሌኑ አልፈራ፤ የቩኒንዲሎ ሰው ሲያከብረው ግን ነገሩ ማክተሙ ነው ብሎ ፈራ።

"ልቤ ነው አይደል?"

መዋሸት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም፣ እኔ አላውቅም። "ነው" አለችው።

"ዋይሳሌም ይሄኔ ብቻውን ነበር" አለ አፓኩኪ። ከዚያም ጀልባው ላይ ያሉት ሁሉ እየሰሙ፣ የጎሳው ታላቅ መሆኑን ረስቶ፣ "ልጄ፣ መሞት አልፈልግም" አለ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

"አይሞቱም።"

"እንግዲያው ስደቢኛ! እንደምድን ስላላመንሽ ነው የምታከብሪኝ።"

ሳላኒዬታ ከንፈሯን ነከሰች። "አንተ..." አለች። እንደገና ጀመረች። "አንተ የጎደሬ ከረጢት! አርባ ሁለት ደረጃ በአራት ጎረምሳ ትከሻ ወረድክ፣ የሁለቱ ወገብ ተቀጭቷል! ነማኒ ዛሬ ወደብ ሲደርስ ዓሣ ነባሪ አጠመድክ ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት!"

አፓኩኪ ሊስቅ ሞከረ። ነማኒ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ "እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ፤ አጎቱ ሲሰደብ መስማት ለእሱ ነውር ነው። ሳላኒዬታ አላቆመችም። እግሩን ሰደበች፣ አፍንጫውን ሰደበች፣ አያቱን፣ አሳማዎቹን፣ የመንደሩን የራግቢ ቡድን አንድ በአንድ ሰደበች። ስድብ ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እጇ ከትርታው አልተነሣም፣ እንባዋም አልቆመም። አፓኩኪ እያንዳንዱን እየሰማ፣ ቀጣዩን እስክሰማ ልቆይ፣ ቀጣዩን እስክሰማ ልቆይ እያለ ወደብ ደረሰ።

ሐኪሞቹ ምን እንዳደረጉለት እሱ ሲያወራው ብትሰሙ ልቡን አውጥተው በሳሙና አጥበው መልሰውለታል። እውነቱ በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የደም ሥር መክፈታቸው ነው። "የልብዎ ጡንቻ ጥቂት ተጎድቷል" አለው ሐኪሙ። "ቶሎ ባይደርሱ ኖሮ ግን የምንከፍተው ነገር አይኖርም ነበር። ማን ነው ያወቀልዎት? ሕመም አልነበረዎትም እኮ።"

"የሰደበችኝ ልጅ ናት" አለ አፓኩኪ። ሐኪሙ ትኩሳት የሚያስቀባጥረው መስሎት ግንባሩን ነካው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የጠበቀው። ከጀልባው ሲወርድ ከሲታ ሆኗል፣ ሽርጡ ዞሮ ዞሮ ታጥፏል። በቀኝ እጁ ምርኩዝ፣ በግራ እጁ የክኒኑ ከረጢት አለ። ሴቶቹ ገና ሲያዩት ያለቅሱ ጀመር። ከሁሉ መሐል የቆመ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ።

"መጣህ?" አለች ሳላኒዬታ። "የሆስፒታሉን ማዕድ ቤት ጨርሰህባቸው ነው ያባረሩህ?"

አፓኩኪ በዝግታ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ።

"ያን ዕለት አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር። ድገሚው።"

"የቱን?"

"በር ላይ ስደርስ ያልሽኝን። መልሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ከዶክተሮቹ የተረፈ እሱ ብቻ ነው። ድገሚው!"

ሰዉ አንገቱን ቀና አደረገ። ሳላኒዬታ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የናሳንጋ ሰው ሞት እንኳ ሲጠራው 'ከምሳ በኋላ' ነው የሚለው አልኩህ።"

"አዎ። ቩኒንዲሎ ግን ሞት ጭራሽ አይሄድም" አለ አፓኩኪ፣ ድምፁን ለመንደሩ ሁሉ ከፍ አድርጎ። "ጀልባዬን ይሰርቁኛል ብሎ ይፈራል!"

የባሕሩ ዳር በሳቅ ተናወጠ። ቄሱ ሳይቀሩ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አፓኩኪ ግን ገና አልጨረሰም። ምርኩዙን አሸዋው ላይ ተከለና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ፍርሃቱም እውነት ነው" አላት። "ሞት ጭኖኝ ሊሄድ ሲል ከጀልባው ሰረቅሽኝ።"

ሳላኒዬታ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እጆቿ ከደረቷ ወረዱ፣ ጥርሷን ነከሰች፣ አልሆነም። ሰዉ ይጠብቃል።

አፓኩኪ እጇን ያዘ። ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አድርጎ፣ ልክ እሷ ታደርግ እንደነበረው፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ ቆጠረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

"ኡላሚላ!" አለ በጩኸት፣ "ቶሎ አስፕሪን አምጪ! ይቺ ልጅ መልስ አልሰጠችም!"